ነቢዩ ሷሊህና የሒጅር ሕዝብ

ነቢዩ ሷሊህ (ዐ.ሰ) በእስልምና ትውፊት ወደ ሰሙድ ሕዝብ የተላኩ መልእክተኛ ናቸው። ሰሙዶች ቁርኣን ከሚጠቅሰው ከዓድ ሕዝብ ጥፋት በኋላ የተነሡ የጥንት ዐረቦች ነበሩ። አገራቸው ሒጅር የሚገኘው ከመዲና በስተሰሜን፣ ከዛሬዋ የዑላ ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። ቁርኣን በሜዳው ላይ ሕንጻ ሲያቆሙ፣ ተራራውን ጠርበው ቤት ሲያደርጉ፣ በአትክልትና በምንጭ መካከል ተዘልለው ሲኖሩ ያሳያቸዋል። ስማቸው ከቁርኣን ውጭም አለ፤ የአሦሩ ንጉሥ ዳግማዊ ሳርጎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዘመን ድል ካደረጋቸው የዐረብ ነገዶች አንዱ ይኸው ነገድ እንደሆነ አስጽፏል።

ሷሊህ የመጡባቸው ከሩቅ አልነበረም። አብረዋቸው ያደጉ፣ ትልቅ ተስፋ የተጣለባቸው ወንድማቸው ነበሩ። አላህን ብቻ አምልኩ ሲሏቸው ግን መኳንንቱ የአባቶቻችንን አምልኮ ልታስተወን ነውን ብለው ተቆጡ፤ የተከተሏቸው በአብዛኛው ደካሞቹ ነበሩ። ሕዝቡ ምልክት ሲጠይቅ አንዲት እንስት ግመል ተሰጠች። ከአለት ተሰንጥቃ ወጣች የሚለውን የሚያክሉት የተፍሲር (የቁርኣን ማብራሪያ) መጻሕፍት ናቸው፤ ቁርኣን የሚለው የአላህ ግመል እንደሆነች ነው።

ከግመሏ ጋር የመጣው ትእዛዝ ቀላል ይመስላል፦ ውኃውን አንድ ቀን እሷ ትጠጣለች፣ በሌላው ቀን ሕዝቡ ይቀዳል። ክርክሩ በአምልኮ ቢጀመርም ፈተናው ያረፈው በውኃ ላይ ነው፤ ለበረሃ ሰው ደግሞ ከዚህ የከበደ ፈተና አይገኝም። ሰሙዶች ተራውን መጠበቅ አልቻሉም። አንዱ ተነሥቶ ቋንጃዋን ቆርጦ ገደላት፤ ቁርኣን ግን ጥፋቱን የሁሉም ያደርገዋል፤ ገዳዩን የጠሩት እነርሱ ናቸውና። በከተማይቱ የነበሩ ዘጠኝ ሰዎች ደግሞ ሷሊህን ከነቤተሰባቸው በሌሊት ሊገድሉ፣ ኋላም አላየንም ሊሉ ተማማሉ። ግመሏ ከተገደለች በኋላ ሰሙዶች የተሰጣቸው ጊዜ ሦስት ቀን ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ በአስፈሪ ጩኸትና መናወጥ በየቤታቸው ወድቀው ቀሩ። ሷሊህና ያመኑት ዳኑ።

በ9ኛው ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 630) ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ተቡክ ሲዘምቱ ሠራዊታቸው በሒጅር በኩል አለፈ። በሐዲስ እንደተዘገበው፣ ሰዎቹ ከሰሙድ ጉድጓዶች ቀድተው ሊጥ አቡክተው ነበር። ነቢዩ ውኃው እንዲደፋ፣ ሊጡም ለግመሎች እንዲሰጥ አዘዙ፤ እንዲቀዱ የፈቀዱት ግመሏ ትጠጣበት ከነበረው ጉድጓድ ብቻ ነው። ወደ ጠፉት ሰዎች መኖሪያም ያለ ልቅሶ እንዳይገቡ አስጠነቀቁ። ብዙ ሙስሊሞች ለዘመናት ሥፍራውን የሸሹት በዚህ ምክንያት ነው።

ዛሬ ጎብኚ የሚያያቸው በአለት የተፈለፈሉ በሮች ግን የመኖሪያ ቤት አይደሉም። ኋላ በሒጅር የኖሩት የናባጢያን ሕዝብ ባለጸጎች መቃብሮች ሲሆኑ፣ ዓመት የተጻፈባቸው በክርስቶስ ልደት ዙሪያና በ1ኛው መቶ ዘመን የተሠሩ ናቸው። ከ111ዱ መቃብሮች 94ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። ትውፊቱ የሰሙድን ዘመን ከዚህ እጅግ ያርቀዋልና ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት አያስኬድም። ሒጅር እ.ኤ.አ. በ2008 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከሳዑዲ ዐረቢያ የመጀመሪያው ሆኗል።