ከተዘጋ በር እስከ 12ቱ ምቶች፦ የፊሊፒናዊው የበትር ፍልሚያ መምህር የአንሄል ካባሌስ ሕይወትና የቃል ዕውቀት ጉዳይ

1. መግቢያ

በቃልና በተግባር ሲተላለፍ የኖረ ዕውቀት ባለቤቶቹ ሲያረጁ ምን ይሆናል? ሥነ ቃልን ለምናስተምር ሰዎች ይህ የዘወትር ጥያቄ ነው። መልሱን የምንሻው አብዛኛውን ጊዜ ከተረት፣ ከቀረርቶና ከሙሾ ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን እንግዳ ወደሚመስል ቦታ፣ ወደ ፊሊፒንስ የበትር ፍልሚያ አመራለሁ። የማተኩረውም አንሄል ካባሌስ በተባሉ መምህር ሕይወት ላይ ነው።

ካባሌስ በ1917 ተወልደው በ1991 ዐረፉ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአሜሪካ “የኤስክሪማ አባት” የሚል ስም አትርፈዋል። ስለ እርሳቸው ሲወራ ቀድሞ የሚነሣው በወጣትነታቸው ያደረጉት ግጥሚያና ያሸነፉት ሰው ብዛት ነው። የእኔ መከራከሪያ ከዚህ ይለያል። የካባሌስ ትልቁ ሥራ በ1966 የተዘጋ በር መክፈታቸው፣ በሩን ለመክፈት ሲሉም በምስጢር የተያዘውን ዕውቀት በቁጥር ማደራጀታቸው ነው። ይህ ሥራ ያስገኘው ጥቅምና ያስከተለው ጉዳት የቃል ዕውቀትን በጽሑፍ ለማቆየት ለሚጥር ሁሉ ትምህርት ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

2. ስለ ጥበቡ ስምና ስለ ጥንተ ታሪኩ

ጥበቡ በፊሊፒንስ አርኒስ፣ ኤስክሪማ፣ ካሊ በሚሉ ስሞች ይጠራል። ሁለቱ ስሞች ከስፓኝኛ የመጡ ናቸው። ኤስክሪማ የሰይፍ ፍልሚያ ማለት ከሆነው “ኤስግሪማ” የተገኘ ሲሆን፣ አርኒስ ደግሞ ጥሩር ማለት ከሆነው “አርኔስ” የተወሰደ ነው። የካሊ ምንጭ እስካሁን ያከራክራል። መሣሪያው ራታን ከሚባል ጠንካራ ሐረግ የሚቆረጥ በትር ነው። በትሩ የጎራዴ ምትክ ስለሆነ በበትር የተማረ ሰው ያንኑ ስልት በጎራዴም በጩቤም ይሠራበታል።

ስለ ጥንተ ታሪኩ በብዛት የሚነገረው እንዲህ ነው። ስፔናውያን አገሩን ሲገዙ ፍልሚያውን ከለከሉ፤ ሕዝቡም በኮሜድያ ውስጥ ሸሸገው። ኮሜድያ፣ በሌላ ስሙ ሞሮ ሞሮ፣ የክርስቲያንና የእስላም ነገሥታትን ጦርነት የሚያሳይ የግጥም ተውኔት ነው። በመድረክ ላይ የሚታየው የጎራዴ ውዝዋዜ ለተመልካቹ ጨዋታ፣ ለዐዋቂው ግን ትምህርት ነበር ይባላል። ትረካው ሰምና ወርቅ ያለው በመሆኑ ለእኛም ጆሮ ይጥማል።

ይሁን እንጂ አንድ የሥነ ጽሑፍ ማስረጃ ትረካውን በጥንቃቄ እንድናየው ያስገድደናል። በ1838 እንደታተመ የሚነገረው የፍራንሲስኮ ባላግታስ ረጅም ግጥም፣ “ፍሎራንቴና ላውራ”፣ ትግልንና አርኔስን ቅልጥፍናና ችሎታ የሚታይባቸው ጨዋታዎች አድርጎ ያነሣቸዋል። እርግጥ የግጥሙ መቼት አልባኒያ ነው። ቢሆንም ገጣሚው ቃሉን ሳያብራራ መጠቀሙ የታጋሎግ አንባቢ ያውቀው እንደነበር ያመለክታል። ነገሩ ጨርሶ የተከለከለ ቢሆን ኖሮ በቅኝ ግዛቱ ዘመን በታተመ ግጥም እንዲህ በይፋ መነሣቱ እንግዳ በሆነ ነበር። ስለዚህ ምስጢሩን ያጠበቀው የገዥዎች አዋጅ ብቻ አይመስለኝም። መምህራኑ ራሳቸውም የሚጠብቁት ነገር ነበራቸው። የሰው ስልት የታወቀበት ዕለት ማሸነፊያውም ይታወቃልና፣ ዕውቀቱን ለማያውቁት ሰው መስጠት ለጠላት ጦር እንደ ማቀበል ይቆጠር ነበር።

3. ከሲባሎም እስከ ስቶክተን

ካባሌስ የተወለዱት በፓናይ ደሴት፣ በአንቲኬ ክፍለ ሀገር፣ በሲባሎም ወረዳ ነው። ጥበቡን የተማሩት ከፌሊሲሲሞ ዲዞን ነው። ዲዞን በዋሻ ውስጥ ከባድ ፈተና አልፈው እንደተመረቁ በተማሪ ተማሪዎቻቸው ዘንድ ይተረካል። ይህን የመሰለ ትረካ እንደ ታሪክ ሰነድ ባንወስደውም ስለ ትምህርቱ ባሕርይ የሚነግረን አለ፤ ዕውቀቱ በልመና ወይም በክፍያ የሚገኝ ሳይሆን ነፍስን አስይዞ የሚወሰድ እንደነበር ያሳያል።

ካባሌስ በ1939 ወደ አሜሪካ ሄዱ። ፊሊፒንስ ከ1898 ጀምሮ በአሜሪካ እጅ ስለነበረች፣ ፊሊፒናውያን የዜግነት መብት ሳይኖራቸው ወደዚያ ተሻግረው ጉልበታቸውን መሸጥ ይችሉ ነበር። በ1934 የወጣው ሕግ ግን የስደተኛውን ቁጥር በዓመት ወደ 50 ሰው አወረደው። ስለዚህ ካባሌስ ሲደርሱ ያገኙት ቀደም ብሎ የገባውንና በመሸምገል ላይ የነበረውን ትውልድ ነው። የዚህ ትውልድ ሰዎች “ማኖንግ” ይባላሉ። ቃሉ በኢሎካኖ ቋንቋ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፤ እኛ “ጋሼ” እንደምንለው።

የማኖንጎቹ መናኸሪያ በካሊፎርኒያ የምትገኘው የስቶክተን ከተማ ነበረች። በዙሪያዋ ባሉት እርሻዎች አጎንብሰው አስፓራገስ የሚባለውን አትክልት ይቆርጡ፣ ወቅቱ ሲያልፍ ወደ ሌላ እርሻ ይጓዙ ነበር። በጃንዋሪ 1930 በዚያው በካሊፎርኒያ፣ በዋትሰንቪል፣ ነጮች በፊሊፒናውያን ላይ ለቀናት የዘለቀ ጥቃት ፈጽመው ፌርሚን ቶቤራ የተባለ የ22 ዓመት ወጣት በጥይት ተገደለ። በ1933 የካሊፎርኒያ ሕግ ፊሊፒናዊ ነጭ እንዳያገባ ከለከለ፤ ይህ ሕግ በፍርድ ቤት የፈረሰው በ1948 ነው። ለአሜሪካ ዜግነት ማመልከት የተፈቀደላቸውም በ1946 ነበር። በዚሁ ዓመት ካርሎስ ቡሎሳን ከእነርሱ አንዱ ሆኖ የኖረበትን ሕይወት “አሜሪካ በልብ ውስጥ ናት” በሚለው መጽሐፉ አሳተመ።

እዚህ ላይ አንባቢው ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ከስደተኞቹ እጅግ የሚበዙት ወንዶች ነበሩ። ከአገራቸው ሴት እንዳያገቡ ሴት የለችም፤ ከሌላው እንዳያገቡ ሕግ ያግዳል። ብዙዎቹ ትዳር ሳይዙ፣ ልጅ ሳይወልዱ አረጁ። ጥበቡ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከአጎት ወደ ወንድም ልጅ የሚተላለፍ ነበርና፣ ማሳደዱና የጋብቻ ሕጉ የዕውቀቱንም የዘር ሐረግ ቆረጡት። ልጅ ያልወለደ ሰው ምስጢሩን ለማን ያወርሳል?

4. በሩ ሲከፈት

በስቶክተን ኤስክሪማ የሚያውቅ ሰው ጥቂት አልነበረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሉዞን ጫካ ውስጥ የተዋጉት ሌዮ ጊሮን ከእነርሱ አንዱ ናቸው። ነገር ግን ጎረቤት የጎረቤቱን ችሎታ አያውቅም። ልምምዱ በጓሮና በሠራተኛ ሠፈር ይካሄድ ነበር።

በ1966 ካባሌስ፣ በማክስ ሳርሚየንቶ ጉትጎታ፣ በስቶክተን ትምህርት ቤት ከፈቱ። ለማንኛውም ሰው ክፍት የሆነ የኤስክሪማ ትምህርት ቤት በአሜሪካ ሲከፈት የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። ፊሊፒናዊ ያልሆነም ሰው ገብቶ ይማር ጀመር። የጥንቱን ልማድ የያዙ ሽማግሌዎች ይህን በበጎ አላዩትም።

ዘመኑን ስንመረምር ሌላም ነገር እናያለን። ከትምህርት ቤቱ መከፈት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1965፣ የስቶክተን ነዋሪ የነበሩት ላሪ ኢትሊዮንግ የመሯቸው ፊሊፒናውያን በዴላኖ የወይን እርሻዎች የታወቀውን የሥራ ማቆም አድማ ጀምረዋል። አንዱ ለሌላው ምክንያት ነው ለማለት አልደፍርም። ሁለቱም ግን በአንድ ትውልድ የእርጅና ዋዜማ የተፈጸሙ ናቸው። ዝም ብሎ የኖረ ትውልድ ዝም ብሎ መሞትን እምቢ ያለበት ጊዜ ይመስለኛል።

5. 12ቱ ምቶች፦ ትርፉና ኪሳራው

የካባሌስ ስልት “ሴራዳ” ይባላል፤ በስፓኝኛ “የተዘጋ” ማለት ነው። ስሙ ከባላንጣ ጋር በቅርብ ርቀት መግጠምንና የጥቃቱን መግቢያ መዝጋትን ያመለክታል። በትሩ አጭር ነው፤ ርዝመቱ ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ግድም ይሆናል። ባዶው እጅም ሥራ አይፈታም፤ የባላንጣን የመሣሪያ እጅ እየነካ፣ እየገፋ፣ እየያዘ ያግዳል። ስለዚህ በሴራዳ በትሩ ግማሹ ትምህርት ብቻ ነው።

ካባሌስ ጥቃቶችን በ12 አቅጣጫዎች ከፍለው ቁጥር ሰጧቸው። አንደኛው ከአጥቂው ቀኝ በኩል ወደ ታች በሰያፍ የሚወርድ ምት ነው፤ ሁለተኛው የእርሱ ግልባጭ ነው፤ ከመካከላቸውም የመውጋት ጥቃት አለ። ለያንዳንዱ ቁጥር የመመከቻና የመልስ ምት ስልቶች ተደረደሩ። ተማሪው አንዱን ሲጨርስ ወደሚቀጥለው ይሻገራል።

ቁጥሩ ያስገኘውን ጥቅም መገመት አያዳግትም። ቋንቋው የተለያየ ተማሪ “አንድ” ሲባል አንድ ዓይነት ነገር ይረዳል። የረሳም ምን እንደጎደለው ያውቃል። ወደ ጽሑፍ መተርጎምም ይቻላል፤ ተማሪያቸው ማርክ ዋይሊ ስለ ሴራዳ በ1994 መጽሐፍ ለማሳተም የበቃው ጥበቡ አስቀድሞ በመምህሩ አፍ ተደራጅቶ ስለቆየው ነው።

ኪሳራውም አለ። እውነተኛ ጥቃት በቁጥር ተራ አይመጣም። ከአንድ እስከ 12 በቃሉ የያዘ ተማሪ፣ ተራው ሲዛባ እጁ ሊታሰር ይችላል። ካባሌስ ይህን ለማረም የተጠቀሙበት ልምምድ “መቆለፍና መመከት” ተብሎ ሊተረጎም ይችላል። በዚህ ልምምድ መምህሩ ተራውን ትቶ እንዳሻው ይሰነዝራል፤ ፍጥነቱን ይለዋውጣል፤ አንዳንዴም ምቱን ጀምሮ ይተወዋል። ተማሪው ቀጥሎ የሚመጣውን ሳያውቅ መመለስ አለበት። ቁጥሩ የወሰደውን ያልታሰበ ነገር ልምምዱ ይመልሰዋል ማለት ነው።

ከቅኔ ቤት ልማድ ጋር ያለው ዝምድና እዚህ ላይ ይታየኛል። ተማሪው የቅኔውን ዓይነት በስም፣ ቤቱን በልክ ይማራል። ሆኖም ባለቅኔ የሚሰኘው ልኩን ስላወቀ ሳይሆን፣ በሰዓቱ ሲጠየቅ አዲስ ነገር ይዞ መነሣት ሲችል ነው። ልኩ የማስተማሪያ መሣሪያ ነው፤ ጥበቡ ከልኩ በኋላ ይመጣል።

6. ማጠቃለያ

ከካባሌስና ከሌሎች ማኖንጎች የተማሩት የስቶክተን ተወላጅ ዳን ኢኖሳንቶ፣ ብሩስ ሊ በ1972 በቀረጸውና ከሞተ በኋላ በ1978 በታየው “የሞት ጨዋታ” በተሰኘው ፊልም ላይ በትር ይዘው ተፋልመዋል። በ2009 የፊሊፒንስ መንግሥት በሪፐብሊክ አዋጅ ቁጥር 9850 አርኒስን ብሔራዊ የፍልሚያ ጥበብና ስፖርት አድርጎ ደነገገ። ማኖንጎቹ የኖሩበት የስቶክተን ሠፈር ግን አብዛኛው ክፍል ለአውራ ጎዳና ሲባል ፈርሷል፤ የተረፉት ጥቂት ሕንፃዎችም በ2003 በአሜሪካ አደጋ ከተጋረጠባቸው ታሪካዊ ቦታዎች ዝርዝር ገብተዋል።

ቤቱ ፈርሶ ጥበቡ የቆየው አንድ የእርሻ ሠራተኛ ለባዕድ ማስተማርን ከክህደት ሳይሆን ከአደራ ስለቆጠሩት ነው። ለእኛ ለሥነ ቃል ሰብሳቢዎች የሚተርፈውም ትምህርት ይኸው ይመስለኛል። የባለሙያውን ቃል በቴፕ ቀርጸን ብንወስድ 12ቱን ቁጥሮች ይዘን መሄዳችን ነው። መምህሩ ተራውን አዛብቶ ተማሪውን የሚፈትንበትን ዘዴ፣ ስሕተት የሚታረምበትን ሥርዓት፣ “አሁን በቃህ” የሚባልበትን መለኪያ አብረን ካልመዘገብን፣ ከመደርደሪያ ላይ የሚኖረን የጥበቡ ዝርዝር ብቻ ይሆናል።