ያለ ደመወዝ የተጀመረው አትክልት

ኪርስተንቦሽ በደቡብ አፍሪካዋ ኬፕታውን፣ በቴብል ተራራ ምሥራቃዊ ግርጌ የሚገኝ ብሔራዊ የዕፅዋት ማዕከል ነው። ስፋቱ 528 ሄክታር ሲሆን አብዛኛው ክፍሉ ተፈጥሮ ያበቀለው ደንና ቁጥቋጦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ሲመሠረት ዓላማው የአገሪቱን አገር በቀል ዕፅዋት ማልማት ነበር። በዘመኑ የነበሩ መሰል ማዕከላት በአመዛኙ ከሩቅ አገር የመጡ ጌጠኛና ለንግድ የሚውሉ ተክሎችን ያላምዱ ስለነበር ሐሳቡ ያልተለመደ ነበር። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ደመወዝ ያልነበራቸው መሆኑም ከዚህ ያላነሰ ያስገርማል።

እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሃሮልድ ፒርሰን ኬፕታውን የገቡት በ1903 ነው። በደቡብ አፍሪካ ኮሌጅ የያዙት የፕሮፌሰርነት ወንበር የተቋቋመው ሃሪ ቦለስ በሰጡት ገንዘብ ነበር። ቦለስ መተዳደሪያቸው የአክሲዮን ድለላ ነበር፤ ዕፅዋትን የሰበሰቡትና ያጠኑት በትርፍ ጊዜያቸው፣ በገዛ ገንዘባቸው ነው። ዛሬም በስማቸው የሚጠራው ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ቤተ መዛግብት፣ ከእርሳቸው ስብስብ የበቀለ ነው። የኪርስተንቦሽ የበጎ ፈቃድ ታሪክ እንግዲህ አትክልቱ ከመተከሉ በፊት ይጀምራል።

ፒርሰን ቦታውን የመረጡት በየካቲት 1911 ከወዳጃቸው ከኔቪል ፒላንስ ጋር በፈረስ ጋሪ ሄደው ካዩት በኋላ ነው። መሬቱን የቅኝ ግዛት ዘመኑ ፖለቲከኛ ሴሲል ሮድስ በ1895 ገዝቶት ሲሞት ለሕዝብ የተወው ርስት ነበር። ሁለቱ ሰዎች የደረሱበት አትክልት አልነበረም። አረም የወረሰውና አሳማ የሚፈነጭበት ጠፍ እርሻ ነበር። መንግሥት በ1913 ቦታውን ሲፈቅድ የመደበው ዓመታዊ ገንዘብ 1,000 ፓውንድ ብቻ ነበር፤ ለዳይሬክተሩ የሚከፈል በበጀቱ ውስጥ አልነበረም። ፒርሰን ግን ግቢው ውስጥ ገብተው መኖር ጀመሩ። የጎደለውን ለመሙላት ማገዶና የኦክ ዛፍ ፍሬ ይሸጥ ነበር። ተቀጣሪው የአትክልት ኃላፊ ጆሴፍ ማቲውስም ከአለቱና ከቁልቁለቱ ጋር እየታገሉ ምድሩን ቅርጽ አስያዙት።

በዚያው ዓመት የተቋቋመው የደቡብ አፍሪካ የዕፅዋት ማኅበር ይህን የገንዘብ ችግር ለማቃለል የታሰበ ነበር። አባላቱ መዋጮ ይከፍላሉ፤ በምላሹም የአገር በቀል ተክሎች ዘር ይደርሳቸዋል። ዘዴው ብልህነት ነበረበት፤ አባሉ ዘሩን በጓሮው ሲያበቅል አትክልቱን ከመደገፍ አልፎ ዓላማውን ያሰፋል። ከጊዜ በኋላ አባላት ራሳቸው ዘር ማበጠርና ማሸግ፣ ችግኝ አፍልተው ለማዕከሉ ገቢ መሸጥ፣ ጎብኚዎችንም በነፃ ማስጎብኘት ልማዳቸው ሆነ።

ፒርሰን በ1916 በሳንባ ምች ሞቱ፤ ዕድሜያቸው 46 ብቻ ነበር። የተቀበሩት በዚያው አትክልት ውስጥ፣ ራሳቸው ካስተከሏቸው ሳይካድ የተባሉ ዘንባባ መሳይ ተክሎች በላይ ባለው ቦታ ነው። በመቃብራቸው ላይ የተጻፈው መታሰቢያቸውን የሚፈልግ ሰው ዙሪያውን እንዲመለከት ይጋብዛል። የማቲውስ ስም ደግሞ ለድንጋያማው የአትክልት ክፍል ተሰጠ። በኪርስተንቦሽ ከዚያ ወዲህ የቀጠለው የማክበር ልማድ ከእነዚህ ሁለት ምሳሌዎች ብዙም አልራቀም፦ ስምን ከቦታ ወይም ከተክል ጋር ማስተሳሰር።

ከተክል ጋር ከተሳሰሩት ስሞች የኤልሲ ኤስተርሁይሰንን ያህል የሚጠቀስ ጥቂት ነው። በ1912 የተወለዱት ኤልሲ በኪርስተንቦሽ ከሠሩ በኋላ በ1938 ወደ ቦለስ ሄርባሪየም ገቡ። በኬፕ ተራሮች ላይ እየወጡ 36,000 ያህል ናሙናዎች ሰበሰቡ፤ ብዙዎቹ ሌላ ሰው ያልደረሰባቸው ገደሎች ላይ የበቀሉ ነበሩ። በ1967 ጡረታ ቢወጡም ሥራውን አልተዉትም፤ ለረጅም ዓመታት ናሙና መለየታቸውን ቀጠሉ። ብዙ ዝርያዎችና ኤስተርሁይሴኒያ የተባለው የተክል ወገን በስማቸው ተሰይመዋል። በስማቸው ከተሰየሙት መካከል ኢትዮጵያ ውስጥ አስታ የሚባለው ተክል ዘመድ ይገኝበታል። ሜዳሊያ መሳቢያ ውስጥ ሊረሳ ይችላል፤ የዝርያ ስም ግን ተክሉ በተጠቀሰ ቁጥር ይነሳል።

ይህ የክብር መዝገብ ግን ትልቅ ጉድለት አለበት። በአትክልቱ አጠገብ በነበረው ፕሮቲያ ቪሌጅ ይኖሩ የነበሩት ቤተሰቦች አብዛኞቹ ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች ዘሮች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ በኪርስተንቦሽ ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። ለነጭ ማኅበርተኞች ያለ ክፍያ ማገልገል የትርፍ ጊዜ ሥራና የክብር ምንጭ ነበር፤ እነዚህ ሠራተኞች ግን አትክልቱን እያለሙ ስማቸው እምብዛም አይነሳም። በ1960ዎቹ የአፓርታይድ መንግሥት የመኖሪያ ቦታን በዘር በሚከፋፍለው ሕግ ከቀያቸው አፈናቀላቸው። የመሬት ይመለስልን ጥያቄያቸው መልስ ያገኘው በ2006 ነው። የአትክልቱን ባለውለታዎች የሚቆጥር ሁሉ እነርሱንም መቁጠር ይገባዋል።

የበጎ ፈቃዱ ሥራ አሁን ከአጥሩ ውጭ ወጥቷል። በ2003 የዕፅዋት ማኅበሩና የአገሪቱ የብዝኃ ሕይወት ተቋም ብርቅዬና ለመጥፋት የተቃረቡ የዱር አበቦችን የሚጠብቅ የበጎ ፈቃደኞች መርሐ ግብር መሠረቱ። ጡረተኞች፣ ገበሬዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች በየአካባቢያቸው በቡድን ተደራጅተው ሜዳና ተራራ ያስሳሉ። ተክሉ የት እንዳለ፣ ስንት ግንድ እንደቀረና ምን እንደሚያሰጋው መዝግበው ለባለሙያዎች ያስተላልፋሉ። ከ20,000 በላይ የተክል ዝርያ ላላት አገር ደመወዝተኛ ባለሙያዎች ብቻቸውን ይህን ሊያደርጉት አይችሉም። ደቡብ አፍሪካ በ2009 ያወጣችው የዕፅዋት ቀይ መዝገብ በከፊል የቆመው እነዚህ ሰዎች በእግራቸው ሄደው ባመጡት መረጃ ላይ ነው።