ከመለኮሱ በፊት፦ የሲጋርን ጥራት የመለካት ታሪክ

ክብሪት አንድ ችግር አለበት። ጥሩ መሆኑን በእርግጠኝነት የምናውቀው ስንጭረው ነው፤ ከጫርነው በኋላ ደግሞ የሚሸጥ ክብሪት የለም። በምህንድስና ይህን "አጥፊ ፍተሻ" እንለዋለን። የኮንክሪት ኩብም በመጭመቂያ ማሽን ሥር እስኪሰነጠቅ ድረስ ይፈተናል። የተፈተነው ኩብ ይጣላል፣ ሕንጻው ግን ከዚያው ድብልቅ በወጣው ኮንክሪት ይሠራል። ሁለቱም ከአንድ ማደባለቂያ ስለወጡ ኩቡ ለቀረው ኮንክሪት ምስክር መሆን ይችላል።

እስቲ አሁን ድብልቅ የሌለበትን ዕቃ እናስብ። እያንዳንዱ ለብቻው በእጅ የተሠራ፣ ውድ፣ የሚፈተነውም በማቃጠል ብቻ የሆነ ዕቃ። አንዱን አቃጥለን ብናደንቀው፣ ጎኑ ስለተቀመጠው ምን እናውቃለን? በእጅ የሚጠቀለል ሲጋር እንዲህ ያለ ዕቃ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ሲጋር የምለው በወረቀት የተጠቀለለውን የሱቅ ሲጋራ ሳይሆን፣ ከውስጥ እስከ ውጭ ከትምባሆ ቅጠል ብቻ የሚሠራውን ወፍራሙን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

እኔ አላጨስም። ወደዚህ ታሪክ የገባሁት በሌላ በር ነው። ለጥናቴ አየር በማጣሪያ ውስጥ ሲያልፍ የሚፈጠረውን የግፊት ልዩነት ስለካ፣ ለተመሳሳይ ሥራ የተሠራ መሣሪያ በኩባ የሲጋር ፋብሪካዎች እንዳለ አነበብኩ። መሣሪያው እዚያ ምን ይሠራል ብዬ ስጠይቅ፣ መልሱ ስለ ጣዕም፣ ስለ ፖለቲካና በመጨረሻም ስለ ጤና ሆኖ አገኘሁት።

ቅጠሉና እጁ

ሲጋር ሦስት ክፍል አለው። መሃሉ የውስጥ ቅጠል ነው። እሱን አንድ ላይ የሚይዘው ማሰሪያ ቅጠል ነው። ከላይ ደግሞ ዓይን የሚያየው ስስ የሽፋን ቅጠል አለ። ኩባ ውስጥ ለዚህ ሥራ ስመ ጥር የሆነው መሬት በደሴቲቱ ምዕራብ፣ በፒናር ዴል ሪዮ የሚገኘው ቩየልታ አባሆ ነው። የሽፋኑ ቅጠል ስስና ለስላሳ እንዲሆን ተክሉን በጨርቅ ጥላ ሥር ያሳድጉታል። የውስጡ ቅጠል ግን ፀሐይ ላይ ነው የሚያድገው፤ ከተክሉ የተለቀመበት ከፍታም ባሕርይውን ይወስናል። ከታች የሚለቀመው ቮላዶ በቀላሉ ይነዳል፤ መካከለኛው ሴኮ መዓዛ ይሰጣል፤ ከላይ ያለው ሊሄሮ ብዙ ፀሐይ ስላገኘ ወፍራምና ኃይለኛ ነው፣ ሲነድም ቀስ ብሎ ነው።

የደረቀው ቅጠል ተከምሮ ይብላላል። ክምሩ በራሱ ይሞቃል፣ አሞኒያ ይተንናል፣ የጥሬው ቅጠል ምሬትም ይቀንሳል። ከዚያ ተራው የቶርሴዶር ነው፤ የመጠቅለል ባለሙያውን እንዲህ ነው የሚሉት። ቶርሴዶሩ የውስጡን ቅጠሎች በመዳፉ ላይ እያጣጠፈ ይሰበስባል፣ በማሰሪያው ይጠቀልላል፣ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ አስገብቶ ያስጨምቃል፣ በመጨረሻም ቻቬታ በሚባል ሰፊ ምላጭ የቆረጠውን ሽፋን ያለብሰዋል።

ዋናው ጥበብ ከማጣጠፉ ላይ ነው። በእጥፋቶቹ መካከል ከጫፍ እስከ ጫፍ አየር የሚሄድባቸው ቀጫጭን መንገዶች መቅረት አለባቸው። በጣም ከተጣበቁ ጭሱ አይሳብም፤ በጣም ከላሉ ደግሞ ሲጋሩ ቶሎ ይነዳል፣ ጭሱ ይግላል፣ ጣዕሙም ይከርራል። ከውጭ ሲታዩ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው።

ቀማሾቹ

ይህን ችግር ለመፍታት የመጀመሪያው መሣሪያ ምላስ ነበር። የኩባ ፋብሪካዎች ካታዶር የሚባሉ ቀማሾች አሏቸው። ከየቶርሴዶሩ ሥራ ናሙና ይወሰድና እያጨሱ ይመዝኑታል። የሚያዩት በዋናነት አምስት ነገር ነው፦ አሳሳቡ፣ አነዳደዱ፣ መዓዛው፣ ጣዕሙ እና ኃይሉ። አመዱ ይጸናል ወይስ ይበተናል? እሳቱ ዙሪያውን እኩል ይሄዳል ወይስ በአንድ ጎን ይሮጣል? የዚህ ምርት ስም የሚታወቅበት ጣዕም ዛሬም አለ ወይ?

እኛ አገር ቀማሽ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን የቡናው ነው፤ ንጽጽሩም ይጠቅማል። ቡና ቀማሽ ከጆንያው ጥቂት ፍሬ ወስዶ፣ ቆልቶ፣ ፈጭቶ፣ በማንኪያ ይቀምሳል። ፍሬዎቹ ተደባልቀው ስለገቡ የስኒው ውጤት ለጆንያው ይመሰክራል። ልክ እንደ ኮንክሪቱ ኩብ ማለት ነው። ሲጋር ቀማሽ ግን ይህ ዕድል የለውም። ቅጠሉ መልካም መሆኑን ሊነግረን ይችላል፤ ቅጠሉ የጋራ ነውና። ቶርሴዶሩ ከሰዓት በኋላ ሲደክመው አንዱን ሲጋር አጥብቆ ጠቅልሎት እንደሆነ ግን ሌላውን በማጨስ አይታወቅም።

ስሙ ለሁለት ሲከፈል

ለረጅም ጊዜ ገዢው በዚህ ብዙም አልተጨነቀም፤ ስሙን ያምን ነበር። ስሙ ዋስትና ነው። ይህ ዋስትና የተሰበረው በ1960 ዎቹ ነው።

በ1960 የኩባ አብዮታዊ መንግሥት የሲጋር ፋብሪካዎቹን ወረሰ። በየካቲት 1962 ደግሞ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ አሜሪካ ከኩባ ጋር የምታደርገውን ንግድ በሙሉ ማለት ይቻላል አገዱ። የፕሬስ ኃላፊያቸው ፒየር ሳሊንጀር በኋላ እንደተረኩት፣ ፕሬዚዳንቱ ከመፈረማቸው በፊት በነበረው ምሽት 1,000 ያህል ፔቲት አፕማን ሲጋር እንዲፈልጉላቸው አዘዟቸው። ሳሊንጀር በማግስቱ 1,200 ማግኘታቸውን ሲነግሯቸው ነው ኬኔዲ አዋጁን ከመሳቢያቸው አውጥተው የፈረሙት።

ታሪኩ ያስቃል፤ የማያስቀው ውጤቱ ነው። ንብረታቸውን ያጡት ባለቤቶችና ባለሙያዎች ተሰደዱ። የኩባ ዘርና የመጠቅለል ዕውቀት ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ሆንዱራስና ኒካራጓ ተሻገረ። የንግድ ስሞቹም ለሁለት ተከፈሉ። ሞንቴክሪስቶ፣ ፓርታጋስ፣ ሮሜዮ እና ጁሊየት የሚሉት ስሞች ዛሬም ሁለት ሁለት ሕይወት አላቸው፤ አንዱ የኩባ ሲጋር ነው፣ ሌላው በአሜሪካ ገበያ የሚሸጥ፣ ከኩባ ውጭ የተሠራ። ኩባ በበኩሏ በ1966 ኮሂባ የሚባል አዲስ ምርት ጀመረች። መጀመሪያ ለፊደል ካስትሮና ለእንግዶቻቸው ብቻ ነበር፤ ለገበያ የቀረበው በ1982 ነው።

ስም መመስከር ሲያቅተው ቁጥር መጣ። በ1992 ማርቪን ሻንከን የተባለው የኒውዮርክ አሳታሚ፣ ሲጋር አፊሲዮናዶ የተሰኘ መጽሔት ጀመረ። ሻንከን ዋይን ስፔክቴተር የሚባል የወይን ጠጅ መጽሔትም ነበረው፤ የወይኑን የ100 ነጥብ መመዘኛ ይዞ ወደ ሲጋር መጣ። መለያ ቀለበቱ ከሲጋሩ ላይ ተነስቶ ቀማሾቹ የማንን ምርት እንደያዙ ሳያውቁ ያጨሳሉ። ነጥቡ በአራት ዓምድ ይከፈላል፦ መልክና አሠራር፣ ጣዕም፣ አጫጫስ፣ አጠቃላይ ግምት። ስምን መሸፈን ትክክለኛ ሳይንሳዊ ጥንቃቄ ነው፤ ዝና ምላስን ያታልላልና። ሆኖም የክብሪቱ ችግር ባለበት ቀረ። 95 ነጥብ ያገኘው ሲጋር አመድ ሆኗል። እናንተ የምትገዙት ወንድሙን ነው።

20 በመቶ ቅጠል ምን ያህል ይከብዳል?

በ1990 ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ የሲጋር ፍላጎት በድንገት ናረ። ኩባ በሶቪየት ኅብረት መፍረስ ኢኮኖሚዋ ተንኮታኩቶ የውጭ ምንዛሪ በጣም የሚያስፈልጋት ጊዜ ነበር። ራሱ የአሜሪካ ገበያ ዝግ ቢሆንባትም፣ በተቀረው ዓለም የሚሸጠውን ለማብዛት በርካታ አዲስ ጠቅላዮችን አሠልጥና አሰማራች። ከዚያም ቅሬታው መጣ፤ ሳጥኑ ሲከፈት ከሚያማምሩት ሲጋሮች መካከል ጭስ የማይሳብባቸው ብዙ ተገኙ።

ጀማሪ ለምን እዚህ ላይ ይሳሳታል? ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። አየር በታጨቀ ነገር ውስጥ ሲያልፍ የሚገጥመውን መከላከያ ለመገመት ኮዜኒ-ካርማን የሚባል ቀመር አለ። ለአሸዋና ለመሳሰሉት የተሠራ ስለሆነ ለቅጠል ግምታዊ ነው፤ አካሄዱን ግን በደንብ ያሳያል። አየር የማሳለፍ አቅም ከክፍት ቦታው ድርሻ ኪዩብ ጋር አብሮ ይጨምራል፤ በቅጠሉ ድርሻ ስኩዌር ደግሞ ይካፈላል።

ግማሹ ቅጠል፣ ግማሹ ክፍት ቦታ የሆነ ሲጋር እንውሰድ፦ 0.125 ለ 0.25 ሲካፈል 0.5 ይሆናል። አሁን ቶርሴዶሩ በዚያው መጠን ውስጥ 20 በመቶ ብቻ ቅጠል ጨመረ እንበል። ቅጠሉ 60 በመቶ፣ ክፍቱ 40 በመቶ ሆነ፦ 0.064 ለ 0.36 ሲካፈል 0.18 ገደማ። ስለዚህ 20 በመቶ ቅጠል ተጨምሮ ለመሳብ የሚያስፈልገው ጉልበት ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ጁስ በስትሮ እየጠጣችሁ ስትሮውን ትንሽ ጫን በሉት፤ ስሜቱ ያ ነው። ልምድ ያለው እጅ ይህን ልዩነት ያውቀዋል፤ በጥቂት ወራት የሠለጠነ እጅ ግን "እንዳይላላ" ብሎ ያጠብቃል።

መፍትሔው በ2000 ዎቹ መጀመሪያ የኩባ ፋብሪካዎች ውስጥ የገባው የአሳሳብ መፈተሻ ማሽን ነው። ከቅርጽ ማውጫው የወጣው፣ ሽፋን ገና ያልለበሰው ጥቅል ማሽኑ ላይ ይገጠማል። ፓምፕ አየር ይስብበታል፣ መለኪያው የግፊቱን ልዩነት ያሳያል። ከተፈቀደው በላይ ወይም በታች ከሆነ ጥቅሉ ይመለሳል። ምንም ነገር አልተለኮሰም፣ ውዱ የሽፋን ቅጠልም አልባከነም። ከቀማሾቹ አምስት ጥያቄዎች አንዱ፣ አሳሳብ፣ ከምላስ ወደ መሣሪያ ተዛወረ። የቀሩት አራቱ አሁንም ሲጋሩ ካልነደደ አይመለሱም።

ዓምድ ያልተሰጠው

እዚህ ላይ ብጨርስ ጥሩ የምህንድስና ታሪክ ይሆን ነበር። ግን የውጤት ሰንጠረዡን ደግመን እንየው። "ኃይል" የሚለው ቃል በአብዛኛው የሚናገረው ስለ ኒኮቲን ነው። በማብላላት ከሚያልፈው ቅጠል የሚወጣው የሲጋር ጭስ ከሲጋራ ጭስ ይልቅ ወደ አልካላይን ያደላል፤ በእንዲህ ያለ ጭስ ውስጥ ኒኮቲኑ በአፍ ውስጥ ቆዳ በኩል በቀላሉ ወደ ደም ይገባል። ሲጋር አጫሾች ብዙ ጊዜ "እኔ ወደ ሳንባ አልስበውም" የሚሉት ለዚህ ነው፤ መሳብ ሳያስፈልጋቸው ኒኮቲኑ ይደርሳቸዋል። ሱሱም አብሮ ይደርሳል።

በዚያ የገበያ ትኩሳት መካከል፣ በ1998፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ስለ ሲጋር ብቻ ሰፊ ጥናታዊ ሰነድ አወጣ። ሲጋር ማጨስ የአፍ፣ የማንቁርት፣ የምግብ ቧንቧና የሳንባ ካንሰር እንደሚያስከትል ያስረዳል። አንድ ትልቅ ሲጋር የአንድ ሙሉ ፓኮ ሲጋራ ያህል ትምባሆ ሊይዝ ይችላል። በ2000 ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከሰባቱ ትላልቅ የሲጋር አምራቾች ጋር ተስማምቶ በምርታቸው ላይ የጤና ማስጠንቀቂያ እንዲጽፉ አደረገ።

መቶ ነጥቡ ውስጥ ለዚህ የተመደበ አንድም ነጥብ የለም። ቀማሾቹ ዋሹ ማለቴ አይደለም፤ የተጠየቁትን በጥንቃቄ መልሰዋል። ማሽኑም ስለ አየር የተጠየቀውን በትክክል ይመልሳል። እኛ መሐንዲሶች የምንፈተንበት ቦታም ይሄ ነው፤ የምንለካው በተሻሻለ ቁጥር ያልተለካው የሌለ ይመስለናል። ሲጋሩ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚያሳይ ማሽን ፋብሪካው ውስጥ አልነበረም። ያ መልስ የተገኘው ለአሥርተ ዓመታት ካጨሱ ሰዎች የሕክምና መዝገብና የሞት ምክንያት ነው። እሱም አጥፊ ፍተሻ ነበር፤ የተፈተኑት ግን ናሙና መሆናቸውን የነገራቸው አልነበረም።