ሳጋዳ ሄዶ ምን ይበላል?

ምግብ ቤት የሚመርጥ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ይጣፍጣል ወይ? ያጠግባል ወይ? ስንት ነው? እኛ ዛሬ አራተኛ ጥያቄ ልንጨምር ነው፦ ይህ ምግብ እዚህ ጠረጴዛ ላይ እንዴት ደረሰ? ጥያቄውን የምንሞክረው ፊሊፒንስ ውስጥ ሳጋዳ በምትባል ትንሽ የተራራ ከተማ ላይ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሳጋዳ ከማኒላ በስተሰሜን፣ በሉዞን ደሴት የኮርዲሌራ ተራሮች ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ናት። በ2020 ቆጠራ ነዋሪዎቿ ከ11 ሺህ ጥቂት ብቻ ይበልጡ ነበር። ሰው ወደዚያ የሚሄደው ጥዱን፣ ጉሙን፣ ዋሻዎቹንና ገደሉ ላይ የተንጠለጠሉትን የሬሳ ሣጥኖች ሊያይ ነው። ከባጊዮ ተነስቶ በሃልሴማ መንገድ ጠመዝማዛ ላይ አምስት ስድስት ሰዓት ሲንገላታ የዋለ ተሳፋሪ ከአውቶቡስ ሲወርድ ግን መጀመሪያ ትዝ የሚለው ገደሉ አይደለም፤ ሆዱ ነው። በርዶታል፣ ርቦታል። ታዲያ የት ይብላ?

ጎብኚዎች እርስ በርስ የሚጠቋቆሙት የታወቀ ነው። ዮገርት ሃውስ አለ፤ እርጎ ከሙዝ፣ ከእንጆሪና ከግራኖላ ጋር። የሎሚ ፓይ የሚበላበት ሌመን ፓይ ሃውስ አለ። በታዋቂው ፎቶግራፍ አንሺ በማስፌሬ ስም የሚጠራውም አለ፤ ግድግዳው ላይ የሰውየው ፎቶዎች የተሰቀሉበት። ሁሉም ስማቸው የተመሰከረለት ነው። ነገር ግን እርጎም ሆነ ፓይ የካንካናይ ሕዝብ፣ ማለትም የሳጋዳ ባለቤቶች፣ የአያት የቅድመ አያት ምግብ አይደሉም። የካንካናይ ምግብ ወዴት ሄደ? እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚጀምረው።

1904፦ አንድ ዓመት፣ ሁለት ጉዞ

ስፔን ማኒላን በ1571 ከያዘች በኋላ ከ300 ዓመት በላይ ፊሊፒንስን ስትገዛ ተራራውን ግን እንደ ቆላው ጠቅልላ መያዝ አልሆነላትም። ወርቅ ፍለጋ ጦር ልካ ነበር፤ ተራራውም ሰዉም እምቢ አሏት። ተራራ ላይ የቀሩት ሰዎች ኢጎሮት የሚል የወል ስም ወጣላቸው። እ.ኤ.አ. በ1898 ስፔን ተሸንፋ አሜሪካ ስትተካ አዲሱ ጌታ በመንገድ፣ በትምህርት ቤትና በሚሲዮን መጣ።

በ1904 ጆን ስታንተን የሚባል አሜሪካዊ የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ቄስ ሳጋዳ ገባ። ሰውየው ከቅስናው ሌላ የምህንድስና እውቀት ነበረውና ሚሲዮኑ ትምህርት ቤት፣ የእንጨት መሰንጠቂያና የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ያለው ሆነ። ሳጋዳ ከካቶሊኳ ፊሊፒንስ መሐል ተለይታ እንግሊዝኛ ተናጋሪና ኤጲስቆጶሳዊ የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው። ፈረንጅ እንግዳ ሲመጣ ከተማዋ ግር የማይላትም ከዚያ ጀምሮ ስለለመደችው ይመስለናል።

በዚያው በ1904 ሌላ ጉዞ በተቃራኒው አቅጣጫ ተደረገ። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ከ1,000 በላይ ፊሊፒናውያን «ለዕይታ» ቀረቡ። ከሁሉም ይበልጥ ሕዝብ የተጋፋው ከሳጋዳ ጎረቤት ከቦንቶክ የመጡትን ኢጎሮቶች ለማየት ነው። ምክንያቱስ? የሚበሉትን ለማየት! በአገራቸው ለሥርዓት፣ ለተለየ ቀን የሚታረደው ውሻ እዚያ ለተመልካች ሲባል በተደጋጋሚ ይታረድ ጀመር። አንድን የሥርዓት ምግብ ትኬት የሚቆረጥበት ትርኢት አደረጉት። በ1905 ደግሞ ትሩማን ሃንት የሚባል የቀድሞ የቅኝ ግዛት ሹም ሌላ ቡድን ይዞ ኒው ዮርክ፣ ኮኒ አይላንድ ወሰዳቸው፤ በኋላ ደመወዛቸውን በልቶ ፍርድ ቤት ቀረበ።

ይህ ትርኢት እዚያው አሜሪካ አልቀረም። «ውሻ በሊታ» የሚለው ስድብ ወደ አገር ቤት ተመልሶ ኢጎሮት ልጆች ቆላ ከተማ ለትምህርት ሲወርዱ ተከተላቸው። በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፕሬዚዳንት የሆነው ካርሎስ ሮሙሎ ሳይቀር በ1943 ባሳተመው መጽሐፍ ኢጎሮት ፊሊፒናዊ አይደለም ብሎ ጽፏል። ሰው በገዛ አገሩ በሚበላው ምግብ ምክንያት ባይተዋር ተደረገ። እንዲህ የተዋረደ ሕዝብ ሆቴል ሲከፍት ለእንግዳው የቤቱን ምግብ ትቶ ፓይ ቢያቀርብ ይፈረድበታል?

ሜኑው ላይ የማይጻፈው

የቤቱ ምግብ ግን አልጠፋም። ኢታግ አለ። ኢታግ በጨው ታሽቶ፣ በፀሐይ ደርቆ ወይም ጭስ ጠጥቶ የሚቆይ የአሳማ ሥጋ ነው፤ ስልቱ ከእኛ ቋንጣ ብዙም አይርቅም። ማቀዝቀዣ በሌለበት ዝናባማ ተራራ ላይ ሥጋ የሚቆይበት ብልሃት ነው። ሽታው ይከብዳል ይላሉ ያልለመዱት። ቁራጩ ሾርባ ውስጥ ሲገባ ግን ጨውም ቅመምም እሱ ራሱ ነው።

ሩዙም ታሪክ አለው። የኮርዲሌራ እርከኖች 2,000 ዓመት ዕድሜ አላቸው ሲባል ነው የኖረው። ስቲፈን አካባዶ የተባለው አርኪዮሎጂስት በጎረቤት ኢፉጋዎ ባደረገው ቁፋሮ ግን የውሃ ሩዝ እርሻ የተስፋፋው ስፔን ከመጣች በኋላ፣ ከቅኝ ገዥ የሸሸው ሕዝብ ወደ ተራራ ሲወጣ እንደሆነ ተከራክሯል። ይህ ልክ ከሆነ እርከኑ ከጥንትነት ይልቅ የእምቢተኝነት ሐውልት ነው ማለት ነው።

ዊልያም ሄንሪ ስኮት የሚባል አሜሪካዊ የታሪክ ሊቅም ሳጋዳ እያስተማረ ተመሳሳይ ነገር ጽፏል፦ ኢጎሮቱ ከቆላው ሰው በዘር የተለየ ሳይሆን ለስፔን ግብር አልከፍልም ያለ ፊሊፒናዊ ነው። ማርቆስ በ1972 የጦር ሕግ ሲያውጅ ስኮት ታሰረ፤ ከአገር ሊያባርሩትም ሞክረው ነበር። በ1993 ሞቶ የተቀበረው እዚያው ሳጋዳ ነው።

ቡናውን አንርሳ። የሳጋዳ ቡና አረቢካ ነው። ከእኛ ጫካ ወጥቶ፣ የመንን ተሻግሮ፣ በቅኝ ገዥዎች እጅ እስያን ዞሮ እዚያ ተራራ ላይ የበቀለ ዘመድ ነው። ኤድዋርዶ ማስፌሬም የዚሁ ጉዞ ልጅ ነው። አባቱ ወታደር ሆኖ መጥቶ ገበሬ ሆኖ የቀረ ስፔናዊ፣ እናቱ ካንካናይ። በ1909 ሳጋዳ ተወለደ፤ ከ1934 ጀምሮ ሕዝቡን ፎቶ አነሳ። ከሴንት ሉዊሱ ትርኢት ጋር ስናወዳድረው ልዩነቱ ይገባናል። ማስፌሬ ያነሳቸው ሰዎች በገዛ መንደራቸው፣ በገዛ ሥራቸው ላይ ያሉ ናቸው። ካሜራውን የያዘውም ጎረቤታቸው ነበር።

እንግዳ ወይስ ተመልካች?

በ2015 መጀመሪያ ሲኒማ ቤቶች የገባ «ዛት ቲንግ ኮልድ ታድሃና» የተባለ የፍቅር ፊልም ልቧ የተሰበረ ሴት ሳጋዳ ሄዳ ስትጮህ አሳየ። ከዚያ በኋላ ልቡ የተሰበረውም ያልተሰበረውም የማኒላ ወጣት ተራራውን ወረረው። ውሃ አነሰ፣ ቆሻሻ በዛ፣ መኪና መቆሚያ ጠፋ። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ደግሞ ከተማዋ ለጎብኚ በሯን ዘጋች። የወረራ ጉዳቱም የመዘጋት ጉዳቱም በተከታታይ ታየ።

አሁን ጎብኚው «እውነተኛውን» ምግብ መፈለግ ጀምሯል፤ ጥሩ ነው። አደጋም አለው። ፒኒክፒካን የሚባለውን እንውሰድ። ዶሮዋ ከመታረዷ በፊት ክንፏና አንገቷ በቀጭን ዱላ ይመታል፤ ከዚያ ላባዋ በእሳት ተለብልቦ ከኢታግ ጋር ትቀቀላለች። በወጉ ይህ የሽማግሌ ሥራ ነው፤ ሐሞቷ ታይቶ መጪው ጊዜ ይነበባል። በ1998 የወጣው የአገሪቱ የእንስሳት ጥበቃ ሕግ ለነባር ሕዝቦች ሥርዓት ልዩ ፈቃድ ሰጥቷል። ሆኖም ድብደባው ስልክ ደግኖ ለከበበ ቱሪስት ሲባል ከተደረገ ሥርዓት ነው ወይስ ትርኢት? እኛ ትርኢት ነው እንላለን። ሴንት ሉዊስ የተደረገውም ይኸው ነበር። የምግቡ ባለቤቶች እነማን እንደሆኑ ሳይጠየቁ ጉድ ለማየት ብቻ ተሰለፉ።

እንግዳ መሆን ከዚህ ይለያል። በሳጋዳ ቤግናስ በሚባለው የእርሻ በዓል አሳማ ይታረዳል፤ ዳፕአይ በሚባለው የድንጋይ መቀመጫ ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ። ሥጋው ተቆራርጦ ዋትዋት የሚባል ድርሻ ሆኖ ለሰዉ ይከፋፈላል። ከዚያ ድርሻ የደረሰው ሰው ተመልካች አይደለም፤ በልቷል፣ ስለዚህ ዕዳ አለበት።

እንግዲህ የት ይበላል ለሚለን ወዳጃችን መልሳችን ይህ ነው። እርጎውን ብላ፣ ፓዩንም ቅመስ፤ የባለቤቶቹ እንጀራ ነውና ማንም አያፍርበት። ቡናው የአገሩ እንደሆነ ጠይቀህ ጠጣ። ኢታግ ያለበት ሾርባ ካለ እዘዝ፤ ስትበላም አፍንጫህን አትያዝ። በዓል ላይ ከደረስክ ካሜራህን ከማውጣትህ በፊት ፈቃድ ጠይቅ፤ አይሆንም ካሉህ እሺ በል። ምግብ ቤቶቹ በጊዜ ስለሚዘጉ ደግሞ እራትህን አታምሽ።