ክብደትና ቁመት፤ ለብዙዎች የተሠራ ልክ በአንዱ ላይ ሲፈርድ

(በሬዲዮ ከተነገረው የተወሰደ)



ወደ ሐኪም ቤት የሄደ ሰው በሚዛን ላይ ይቆማል፤ ቁመቱም ይለካል። ከዚያም ኪሎው፣ ቁመቱ በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ቍጥር ተካፍሎ አንድ ውጤት ይወጣል። ቦዲ ማስ ኢንዴክስ የሚባለው ይህ ነው። ክብደቱ 70 ኪሎ፣ ቁመቱ 1.75 ሜትር የሆነ ሰው 23 ያህል ይደርሰዋል። ከ18.5 በታች የሆነው ከሲታ፣ ከዚያ እስከ 25 ያለው ደኅና፣ 25 የደረሰው ክብደቱ የበዛ፣ 30 የደረሰው ደግሞ ከልክ ያለፈ ወፍራም ይባላል። የአንድ ልክ ዋጋ የሚታወቀው የተሠራበት ጕዳይ ሲታወቅ ስለ ሆነ፣ ዛሬ ታሪኩን ባጭሩ እናቀርብላችኋለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የዚህ ስሌት አባት አዶልፍ ኬትሌ ሐኪም አልነበረም። በ1796 ዓ.ም. በጌንት ከተማ፣ በዛሬው የቤልጂግ አገር ተወልዶ፣ የከዋክብት ተመራማሪና የሒሳብ ሊቅ ሆነ። የከዋክብት አካሄድ በሒሳብ እንደሚታወቅ ሁሉ የሰውም ነገር በብዛት ሲቈጠር ሥርዐቱ ይገለጣል ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህም ከ5,700 የሚበልጡ የስኮትላንድ ወታደሮችን የደረት ልክ ሳይቀር መረመረ። በ1835 ዓ.ም. በፓሪስ ባሳተመው መጽሐፍ «አማካይ ሰው» የሚለውን ሐሳብ አስፋፋ፤ በጎልማሶችም ዘንድ ክብደት የሚያድገው ቁመት በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው መጠን መሆኑን አመለከተ። የፈለገው የሕዝብን ጠባይ ለማወቅ ነበር እንጂ፣ እገሌ ወፍሯልና ይታመማል ለማለት አልነበረም።

ውፍረትን ከዕድሜ ማጠር ጋር አያይዘው አጥብቀው የተከታተሉት በአሜሪካ የሕይወት ዋስትና የሚሸጡ ኩባንያዎች ናቸው። ደንበኛው ቶሎ ከሞተ ኪሣራው የእነርሱ ነውና። ሜትሮፖሊታን ላይፍ የተባለው ኩባንያ በ1942ና በ1943 ዓ.ም. ለእያንዳንዱ ቁመት ይገባል ያለውን ክብደት በሠንጠረዥ አወጣ። ነገር ግን ሰዎችን አጥንተ ቀጭን፣ መካከለኛና አጥንተ ሰፊ ብሎ ሲከፍል፣ የአጥንቱ ስፋት በምን እንደሚለካ አልወሰነም። የተመዘኑትም ዋስትና ለመግዛት ዐቅም የነበራቸው ሰዎች ነበሩ።

በ1972 ዓ.ም. አንሰል ኪስ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ከአምስት አገሮች የተገኙ ከ7,400 በላይ ሰዎችን መርምሮ፣ የኬትሌ ስሌት ከሌሎቹ ቀላል ስሌቶች እንደማያንስ አስረዳ፤ የዛሬውንም ስም አወጣለት። ፍጹም ነው ግን አላለም። የተመረመሩትም ሁሉ ወንዶች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ቍጥሩ ዳኛ ሆነ። በ1998 ዓ.ም. የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣኖች የክብደት መብዛት ወሰንን ከ27 በላይ ከነበረበት ወደ 25 ቢያወርዱት፣ ከ20 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች አንዲት ኪሎ ሳይጨምሩ ክብደታቸው በዛ ተባሉ።

ይህ ቍጥር የማያያቸውን ነገሮች እንመልከት። ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 85 ኪሎ ቢመዝኑና ቁመታቸውም 1.75 ሜትር ቢሆን፣ የሁለቱም ውጤት 27.8 ነው። አንዱ ጡንቻው የጠነከረ ሸክም ተሸካሚ፣ ሌላው ከወንበሩ የማይነሣ ጸሓፊ ሊሆን ይችላል። ስሌቱ ጡንቻን ከስብ አይለይም። ስቡ በሆድ ውስጥ በጉበትና በአንጀት ዙሪያ ይከማች፣ ወይም በዳሌ ላይ ይረፍ፣ አይነግረንም፤ የስኳርንና የልብን በሽታ ይበልጥ የሚጠራው ግን የሆዱ ስብ ነው። ደግሞም በ2004 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ሊቃውንት፣ በብዙ የእስያ ሕዝቦች ዘንድ አደጋው ከ25 በታች እንደሚጀምር ተረድተው፣ 23ን ለጥንቃቄ ምልክት አድርገው አቀረቡ።

ነገሩ አገራችንንም ይነካል። በ2009 ዓ.ም. በታተመ በኢትዮጵያ ሕፃናት ላይ በተደረገ ጥናት፣ ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያስተያየው ልክ እግራቸው በሚረዝም በአርብቶ አደሮቹ ልጆች ዘንድ የምግብ እጥረትን አብዝቶ ሲያሳይ፣ የክንድ ዙሪያ ልክ ግን በሰውነት ቅርፅ እምብዛም እንደማይለወጥ ታይቷል። ርዳታው ለየትኛው ሕፃን ይቅደም በሚባልበት ጊዜ፣ የልኩ ስሕተት ተራ የሒሳብ ስሕተት ሆኖ አይቀርም።

እንግዲህ ስሌቱ ይጣል ማለታችን አይደለም። የአንድ አገር ሕዝብ ከዓመት ወደ ዓመት እየከሳ ወይም እየወፈረ መሄዱን ለማወቅ በጥቂት ወጪ የሚያገለግል ነው፤ ኬትሌም ያሰበው ይህን የመሰለውን ሥራ ነበር። ስለ አንድ ሰው ለመፍረድ ግን ብቻውን አይበቃም። የአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር በ2023 ዓ.ም.፣ ስለ ውፍረት የመከረው ዓለም አቀፍ የሊቃውንት ጉባኤም በ2025 ዓ.ም. ይህንኑ አረጋግጠዋል።

በጽሕፈት ቤት ተቀምጣችሁ የምትውሉ አንባብያን ሆይ፤ ቍጥራችሁ ከ25 በታች ነው ተብሎ ቀበቷችሁ በየዓመቱ ሲጠብብ ዝም አትበሉ። በ2022 ዓ.ም. የወጣው የእንግሊዝ የጤና መመሪያ የወገብ ዙሪያ ከቁመት እኩሌታ እንዲያንስ ይመክራል፤ ለዚህም አንድ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። የደም ግፊታችሁንና የስኳራችሁን መጠን አስመርምሩ። ቍጥራችሁ ከ25 ቢያልፍም በእርሱ ብቻ አትደንግጡ፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ቍጥሩ የምርመራ መጀመሪያ ነው፤ ፍርዱ ግን መላውን ሰውነት ከመረመሩ በኋላ የሚሰጥ ነው።