ጎንደር ነጻ የወጣችበት ቀንና የደረት ላይ ምልክቱ

ኅዳር ሲቃረብ በቴሌቪዥን የምናያቸው የእንግሊዝ ሹማምንት ሁሉ ኮሌታቸው ላይ አንዲት ቀይ አበባ ሰክተው ይቀርባሉ። ፖፒ ይሏታል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በቤልጅየምና በሰሜን ፈረንሳይ፣ መድፍ ባረሰው መሬት ላይ ትበቅል የነበረች አበባ ናት። ካናዳዊው ሐኪም ጆን ማክሬ በ1915 እ.ኤ.አ. በግጥሙ አነሳት፤ ከ1921 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የእንግሊዝ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ለጉዳተኞች መርጃ ይሸጣት ጀመር። የአደራረግ ልማድም አላት። አብዛኛው ሰው በግራ በኩል፣ በልብ ትይዩ ይሰካታል፤ ሜዳይ ያለው ከሜዳዩ ከፍ አድርጎ ያኖራታል፤ ጦርነቱ የቆመበት ኖቬምበር 11፣ በእኛ ኅዳር 2 ቀን፣ ሲያልፍ ትወልቃለች። አዲስ አበባ በሚገኘው የኮመንዌልዝ ወታደሮች መቃብር በየዓመቱ በዚሁ ሰሞን በሚደረገው መታሰቢያ ላይም ትታያለች።

በኢትዮጵያ ምድር ከወደቁት ከእነዚያ ወታደሮች መካከል ብዙዎቹ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የምሥራቅ አፍሪካ ዘመቻ ሰዎች ናቸው። የዘመቻው የመጨረሻ ታላቅ ውጊያ ደግሞ የተደረገው ጎንደር ላይ ነው፤ ያውም በዚሁ በኅዳር ወር፣ በ1934 ዓ.ም.።

ዋናው ታሪክ የታወቀ ነው። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። የድል በዓሉ በደርግ ዘመን ወደ መጋቢት 28 ተዛውሮ ነበር፤ በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። አራት ኪሎ ሐውልቱ ሥር ጉንጉን አበባ ይቀመጣል፤ አርበኞች ጎፈር ደፍተው፣ ጋሻ አንግበው፣ ሜዳያቸውን ደርድረው ይወጣሉ፤ ይፎከራል፣ ይሸለላል። ጎንደርም ይህንኑ ቀን ታከብራለች። ነገር ግን በዚያ ሚያዝያ 27 ጎንደር ላይ የሚውለበለበው የኢጣሊያ ባንዲራ ነበር። ጄኔራል ጉሊየልሞ ናሲ ወደ 40,000 የሚጠጋ ጦር ይዞ በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉት በሮች መሽጓል። ከተማዋ ነጻ እስክትወጣ ገና ከስድስት ወር ከሃያ ቀን በላይ ይቀራት ነበር።

በእነዚያ ወራት የሰሜኑ ደጋ የከፈለውን ለማየት ከደባርቅ በላይ ወዳለው የወልቀፊት አፋፍ መሄድ ያስፈልጋል። ሊማሊሞን ቁልቁል የሚያየውን ይህን በር ኮሎኔል ማሪዮ ጎኔላ ይዞት ነበር፤ ዙሪያውን የከበቡት አርበኞች ናቸው። ከእነሱ መሀል አንዱ አያሌው ብሩ ነበሩ። እኚህ ሰው ሲነሱ ጎንደር ውስጥ እስከ ዛሬ ክርክር አይጠፋም። በታኅሣሥ 1928 ተከዜን ተሻግረው ደንበጉና ላይ የኢጣሊያን ታንኮች ያጠመዱት የእሳቸው ሰዎች ናቸው። ከማይጨው በኋላ ግን ለጠላት ገቡ። የበጌምድርን ግዛት ስላልተሰጣቸው ቂም ይዘው ነበር የሚል አለ፤ ጊዜ እየጠበቁ ነበር የሚልም አለ። በ1933 ወደ አርበኞቹ ወገን ተመለሱ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ጎኔላ ከምሽጉ ድንገት ወጥቶ ባደረሰው ጥቃት ተማረኩ። እሳቸውን ለያዘው አንጄሎ ባስቲያኒ ኢጣሊያ የወርቅ ሜዳልያ ሸልማዋለች። ሽልማቱ የእሳቸው መያዝ ለኢጣሊያኖቹ ትልቅ ነገር እንደነበረ ያመለክታል። አገሩ ሁሉ የድል በዓሉን ባከበረ በሁለተኛው ወር ደባርቅ አጠገብ ሰው ገና ይሞት፣ ይማረክ ነበር። ወልቀፊት እጁን የሰጠው በመስከረም 1934፣ በመስቀል ሰሞን ነው።

ከዚያ ቁልቋል በር ቀረ። ከጎንደር ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደውን መንገድ የሚዘጋው ይህ ኮረብታ የወደቀው ኅዳር 12፣ ጎንደር ለሚካኤል በምትወጣበት ቀን ነው። ቀኑ በፈረንጆች ኖቬምበር 21 ይውላል፤ እዚያ የተዋጋው የካራቢኒየሪ (የኢጣሊያ ወታደራዊ ፖሊስ) ጦር ዛሬም በመላው ኢጣሊያ በየዓመቱ በዚሁ ቀን፣ ሙሉ የክብር ልብሱን ለብሶ ቁልቋል በርን ያስባል። ለተሸነፈበት ውጊያ ይህን ያህል ክብር ይሰጣል።

ከስድስት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 18፣ ተራው የከተማዋ ሆነ። እዚህ ላይ ነው ትረካው የሚለያየው። የእንግሊዞቹ ታሪክ የሜጀር ጄኔራል ፎክስን 12ኛ የአፍሪካ ክፍለ ጦር ያስቀድማል፦ የምሥራቅ አፍሪካ ብርጌዶች ሸንተረሮቹን ይዘው አዘዞ ደረሱ፤ የኬንያ ብረት ለበስ መኪናዎች ወደ ከተማዋ ጠርዝ ተጠጉ፤ ናሲ እጁን ሰጠ። ከ20,000 በላይ ሰው ተማረከ። የጎንደር ሽማግሌዎች ሲተርኩ ግን አርበኛው ቀድሞ ከተማዋ ውስጥ ነበር። ለእኔ ይህኛው ያሳምነኛል። ከባድ መሣሪያ የያዘ ጦር መንገድ ይዞ ነው የሚመጣው፤ መንገዱ ደግሞ በፈንጂና በምሽግ የታጠረ ነበር። የአርማጭሆ፣ የወገራና የበለሳ ሰው፣ እነ ውብነህ ተሰማ አሞራውና እነ ብሬ ዘገየ ለዓመታት የመሩት ገበሬ፣ የትኛው ገደል በየት በኩል ወደ ቀሃ ወንዝ እንደሚያወርድ ካርታ አያሻውም። የኬንያውንና የኡጋንዳውን ወታደር ደም ሳንዘነጋ፣ ከተማዋን ለወራት አፍኖ የያዘው የራሷ ገጠር እንደሆነ መናገር ተገቢ ነው።

ታዲያ ከተማዋ ነጻ ለወጣችበት ለኅዳር 18 ምን ይደረጋል? ጎንደር ውስጥ ኮት ላይ የሚሰካ አበባ የሙሽራና የሚዜ ነው፤ ሐዘንና መታሰቢያ ላይ አይመጣም። ሐዘን የሚነገረው በነጠላ ነው፤ ጥለቱ ወደ አንገት ወጥቶ ፊትን ይከባል። አደይ አበባም የመስከረም ናት፣ የደመራና የእንቁጣጣሽ። ነገር ግን አርበኛው ደረት ላይ ከመጀመሪያው አንድ ቅጠል ነበረ። ከድሉ በኋላ የተሰጠው የአርበኝነት ሜዳይ ከጥብጣቡ ላይ ዘንባባ ይጨመርበት ነበር፤ የዘንባባው ቁጥር የተጋድሎውን ዘመን ይናገራል። ባለ አምስት ዘንባባ ማለት አምስቱንም ዓመት ዱር የከረመ ማለት ነው። ዘንባባ ደግሞ ለጎንደር ሰው እንግዳ አይደለም፤ በሆሳዕና ግንባሩና ጣቱ ላይ ያስረዋል።

አሁን እነዚህ ሜዳዮች በልጅና በልጅ ልጅ እጅ ናቸው። አንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ነው፤ አንዳንዱ ለቱሪስት ሲሸጥ ይታያል፣ ይህም ልብ ያሳምማል። በበዓል ቀን የአያቱን ሜዳይ ደርቦ የሚወጣ ወጣት ግን እየበዛ ነው። በአንዳንድ የኮመንዌልዝ አገሮች ባለቤቱ ሜዳዩን በግራ፣ ወራሽ ደግሞ በቀኝ ያደርገዋል፤ ስለዚህ የሚያይ ሰው ማን እንደተዋጋና ማን እንደሚዘክር ወዲያው ይለያል። ይህን ልማድ ብንወስደው አያሳፍርም። የአያት ሜዳይ በቀኝ ይሁን፤ በግራ፣ በልብ በኩል፣ አንዲት የዘንባባ ቅጠል ትሰካ፤ ቅጠሏም ከቁልቋል በር ቀን ከኅዳር 12 ጀምራ ኅዳር 18 ማታ ትውለቅ።

የጎንደር ነጻነት መቶኛ ዓመት ኅዳር 18 ቀን 2034 ይሆናል። የከተማው አስተዳደርና የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበር እስከዚያ የቀኑን አከባበር ሥርዓት ሊያወጡለት፣ ወልቀፊትና ቁልቋል በር ላይም በጎንደር ልጆች ስም ጉንጉን አበባ የሚቀመጥበትን ቦታ ሊያዘጋጁ ይገባል።