የመድፍ እሹሩሩ

አድምጡኝማ፣ አንድ ታሪክ ልተርክላችሁ። ቀረርቶ ደም ያሞቃል፤ ሽለላ ጎበዝ ያነሳል። ጦር ሲመጣ መንግሥታት የሚወዱት ይህንን ነው። የዛሬው ታሪኬ ግን ስለ እሹሩሩ ነው፤ እናት ልጇን አቅፋ ስለምታንጎራጉረው። እሹሩሩ በአዋጅ ሲከለከል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በቬትናም ተከልክሏል። ዘመኑን የምጠራላችሁ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

አገሪቱ በ1954 ለሁለት ተከፈለች። ሰሜኑን ሶቭየት ኅብረትና ቻይና ያስታጥቃሉ፤ ከደቡቡ ጎን አሜሪካ ተሰልፋለች። 1967 ሲያልቅ እዚያ የሰፈረው የአሜሪካ ጦር ግማሽ ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። ከወዲህም ከወዲያም በብዛት የሚያልቀው ግን ቬትናማዊው ነው።

በጥንቷ የነገሥታት ከተማ በሁዌ ያደገ ትሪን ኮንግ ሶን የሚባል ወጣት ነበር። ቀጭን፣ መነጽራም። ሙያው መምህርነት ነው፤ በደጋው አገር ሕፃናት አስተምሯል። ጠመንጃ አላነሳም ብሎ፣ ለውትድርና ሲመረመር ብቁ አይደለም እንዲባል ሰውነቱን በረሃብ አመነመነ። ጊታሩን ብቻ ያዘ።

ኋላ ካን ሊ የምትባል ዘፋኝ አገኘ። ድምጿ ጎርነን ያለ፣ ሲያለቅስ ያደረ ሰው ድምፅ የሚመስል ነው። በደቡቡ ዋና ከተማ በሳይጎን፣ ከዩኒቨርሲቲው የሥነ ጽሑፍ ፋኩልቲ ጀርባ፣ አንዲት የሣር ክዳን ቡና ቤት ነበረች። ማታ ማታ ተማሪው ይጎርፋል፤ መሬት ላይ ይቀመጣል። እሱ ክሩን ይቃኛል። እሷ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ትቆማለች። ከዚያ ዝም! ሰው ሁሉ ጆሮ ይሆናል።

ምን ይዘፍኑ ነበር? አንዱ ዘፈን ‹የመድፍ እሹሩሩ› ነው፤ ከተማው ሌሊት የሚተኛው መድፍ እየሰማ ነበርና። በሌላው ደግሞ እናት የሞተ ወታደር ልጇን እንደ ጨቅላ ታስተኛለች። ልብ በሉ፤ ማን ገደለው አይልም። ጠላት የሚባል ስም የለበትም። የደቡቧ እናት ብትሰማው ልጇ ነው፤ የሰሜኗም ብትሰማው ልጇ ነው። የዘፈኑ ጉልበት እዚህ ላይ ነው። ቃታ የሚስብ ሰው ከፊቱ ያለውን ባዕድ ማድረግ አለበት፤ እሹሩሩው ደግሞ ያንኑ ባዕድ መልሶ የእናት ልጅ ያደርገዋል።

1968 ገባ። ለቴት፣ ለአዲስ ዓመታቸው በዓል፣ የሰሜኑ ጦርና በደቡብ ያሉት አጋሮቹ አማፂዎች የደቡቡን ከተሞች ወረሩ። ሶን ያን ጊዜ ሁዌ ነበር። ውጊያው በጎዳናዋ ላይ አንድ ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ከተማዋ ፈረሰች፤ ሬሳ በየመንገዱ ወደቀ። እሱም በሬሳዎቹ መካከል ሲመላለስ ያየውን በዜማ ጻፈ። ማንም ያልቀበረውን ሰው እንዲህ አለቀሰለት።

በ1969 የሳይጎን መንግሥት የወታደሩን ወኔ ይሰልባል ብሎ ዘፈኖቹን ከለከለ። በቴፕ የተቀዳው ግን ከእጅ ወደ እጅ ያልፍ ነበር። ሰሜኖቹም አልወደዱለትም፤ እነሱ ከአሜሪካ ጋር ነው የምንዋጋው ሲሉ፣ እሱ የወንድማማች ጦርነት ብሎ ዘፍኖበታልና። ሁለቱም ተቀየሙት።

ሚያዝያ 30 ቀን 1975 የሰሜኑ ታንኮች ሳይጎን ገቡ። በዚያው ቀን ሶን ሬዲዮ ጣቢያ ሄዶ፣ እጅ ለእጅ እንያያዝ የሚለውን የአንድነት ዘፈኑን ዘፈነ። አሸናፊዎቹ ግን ቂማቸውን አልረሱም፤ ገጠር ልከው እርሻ አሠሩት፤ የጦርነት ጊዜ ዘፈኖቹንም ዘጉበት። ካን ሊ ወደ አሜሪካ ተሰደደች።

እሹሩሩው ጦርነቱን አላስቆመም፤ ጦርነቱ ያለቀው በታንክ ነው። ግን ስሙኝ፤ ሶን በ2001 ሲያርፍ ቀብሩን ያጀበው ሕዝብ በመቶ ሺዎች ይቆጠር ነበር። ካን ሊ የተወለደችው ሃኖይ ነው፤ በልጅነቷ ወደ ደቡብ የወጣች። በ2014፣ ዕድሜዋ 69 ሆኖ፣ በጦርነቱ ዘመን የጠላት ዋና ከተማ በነበረችው በዚያችው ሃኖይ መድረክ ላይ ቆማ የእሱን ዜማዎች ዘፈነች። አዳራሹን የሞላው የሰሜን ሰው ነበር። ያዳመጣት እንደ ልጁ ነው።